ለተሳካለት ተማሪ ምስጋናው የማን ነው?

አንድ ወጣት ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሲወጣ ምስጋናውን ለመካፈል የሚቀርቡት ብዙዎች ናቸው። ወላጆቹ አሳድገነዋል ይላሉ፤ መምህራኑ አስተምረነዋል ይላሉ፤ መንግሥትም ያወጣውን ገንዘብ ያስባል። በዚህ ዘመን ደግሞ አንድ ሌላ ባለ ድርሻ መጥቷል፤ እርሱም መሣሪያው ነው። የመማሪያው ኮምፒዩተር፥ የተማሪውን ዕድል አስቀድሜ አውቃለሁ የሚለው ስሌት፥ እንዲሁም «የተማሪዎች ስኬት» የሚል ስም ወጥቶለት በየኮሌጁ የሚቋቋመው የእርዳታ ፕሮግራም ሁሉ፥ ተማሪው በተመረቀ ጊዜ «ያስመረቅሁት እኔ ነኝ» ይላል። ይህ አባባል እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ሐሰት የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የሒሳብ ባለሙያዎች ብቻ ሥራ ነው ብሎ መተው ግን የሚገባ አይመስለኝም። ነገሩ በመሠረቱ የፍርድ ነገር ነው፤ ለማይገባው ምስጋና የሰጠ ሰው ከሚገባው ላይ ወስዶ ነውና።

ምሳሌውን ከሩቅ አገር ከማምጣታችን በፊት በገዛ ቤታችን ባለው መጀመር ይሻላል። በአገራችን የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት፥ የቆሎ ተማሪ አኰፋዳውን አንግቶ፥ ደበሎውን ለብሶ፥ ከደጅ ደጅ እየለመነ፥ ከውሻ ጋር እየታገለ፥ ከአንዱ የቅኔ መምህር ወደ ሌላው እየተሻገረ ሲማር እንደ ኖረ የታወቀ ነው። ከእነዚህም ተማሪዎች መካከል ታላላቅ ሊቃውንት ወጥተዋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ «ሊቅ ያደረገው ረኃቡ ነው፤ አእምሮውን የሳለው ችግሩ ነው» ሲባል እንሰማለን። እንዲህ የሚል ሰው ዓይኑን የጣለው በዘለቀው ላይ ብቻ ነው። በወባ ታሞ በመንገድ የቀረው፥ ረኃቡ ጸንቶበት ወደ እርሻው የተመለሰው፥ ጥሩ ጭንቅላት ሳለው አባቱ ስለ ሞተበት እናቱን ለመርዳት ትምህርቱን የተወው፥ እነዚህ ሁሉ በማናቸውም መዝገብ አልተጻፉም። የቀረው ጠንካራው ብቻ ስለ ሆነ ያጠነከረው ረኃቡ ይመስላል። ረኃብ ግን አጣራው እንጂ አላስተማረውም። ወንፊት የተፈጨውን ይነፋል እንጂ እህሉን አይፈጭም። ያ ሊቅ ሊቅ የሆነው በረኃቡ ሳይሆን ረኃቡ እያለ ነው፤ ምስጋናውም የራሱ፥ የመምህሩና ቁራሽ እንጀራ የሰጡት የመንደሩ ሴቶች ነው።

ይኸው የአስተሳሰብ ስሕተት እጅግ በሠለጠነ መሣሪያ ላይ ሳይቀር ደርሷል። በአሜሪካ አገር በኢንዲያና ግዛት የሚገኘው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በ2007 (የውጭ አገሩን ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፈዋለሁ) በኋላ «ኮርስ ሲግናልስ» የተባለውን መሣሪያ መሞከር ጀመረ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተሩ ተማሪው እስከ ዕለቱ ያገኘውን ነጥብ፥ የትምህርቱን ገጽ ምን ያህል እንደሚጠቀምበት፥ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት የነበረውን ውጤትና ይህን የመሰለውን ሰብስቦ ያሰላል፤ ከዚያም በከተማ መንገድ ላይ እንዳለው የትራፊክ መብራት ለእያንዳንዱ ተማሪ አረንጓዴ፥ ብጫ ወይም ቀይ ምልክት ያሳየዋል። መምህሩም ቀይ ለበራበት ተማሪ መልእክት ይልክለታል፤ መጥተህ አነጋግረኝ፥ ወደ አስጠኚዎቹ ዘንድ ሂድ ይለዋል። ሐሳቡ መልካም ነው። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሦስትና አራት መቶ ተማሪ የሚያስተምር መምህር እያንዳንዱን በመልኩ ሊያውቀው አይችልምና፥ ከሰጠመ በኋላ ከማዘን ሳይሰጥም ማየት እንዲችል የሚያደርግ ነገር መፈለግ ተገቢ ነው።

በ2013 ዩኒቨርሲቲው አንድ ታላቅ የምሥራች አወጣ። መሣሪያው የሚሠራባቸውን ሁለት ወይም ከሁለት በላይ ትምህርቶች የወሰዱ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሳያቋርጡ የመቀጠላቸው ዕድል ከሌሎቹ ይልቅ በ21 በመቶ ይበልጣል ተባለ። መሣሪያው አስቀድሞ ለአንድ ኩባንያ ተሰጥቶ ለሌሎች ኮሌጆች ይሸጥ ስለ ነበረ ወሬው ፈጥኖ ተዳረሰ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ማይክል ኮልፊልድ የተባለ የትምህርት ሰው አንድ ቀላል ጥያቄ አነሣ። በመጀመሪያው መንፈቅ ትምህርቱን አቋርጦ የሄደ ተማሪ መብራት ያለበትን ሁለተኛ ትምህርት መቼ ሊወስድ ይችል ነበር? በቦታው የለማ! ሁለት፥ ሦስት፥ አራት ጊዜ መብራቱን ሊያይ የሚችለው በዩኒቨርሲቲው የቆየው ብቻ ነው። እንግዲህ ተማሪዎቹ ብዙ መብራት ስላዩ አልቆዩም፤ ስለ ቆዩ ብዙ መብራት አዩ። ከዚህ በኋላ አልፍሬድ ኤሳ የተባለ ሌላ ባለሙያ በኮምፒዩተር ላይ የሐሳብ ተማሪዎች ፈጥሮ ነገሩን ሞከረው፤ በመብራቱ ፈንታም ለተማሪዎቹ ቸኮላታ ቢታደላቸው ያው ዓይነት መልካም ቍጥር እንደሚገኝ አሳየ። ብዙ ቸኮላታ የበላ ተማሪ አላቋረጠም፤ ያላቋረጠ ተማሪ ብዙ ቸኮላታ በላ ማለት ነው።

እዚህ ላይ በመሣሪያው ሠሪዎች ላይ መሳቅ ቀላል ነው፤ እኔ ግን መሳቁን አልወደውም። ሰዎቹ አልዋሹም። መብራቱም ምንም አይረባም ለማለት አይቻልም፤ በጊዜ የደረሰው መልእክት የቀሰቀሰው ተማሪ አይጠፋም። የተባለው ግን ያ ቍጥር ይህን አያስረዳም ነው። እጅግ የሚያስደነግጠውም ይኸው ነው፤ እያንዳንዱ አኃዝ እውነት ሆኖ ሳለ ጠቅላላው ድምር የሐሰት ምስክር ሊሆን ይችላል። የሐሰት ምስክር ደግሞ ተበዳይ አለው። አንድ ኮሌጅ ያን ቍጥር አምኖ ለመብራቱ የከፈለው ገንዘብ አስጠኚ ሊቀጠርበት፥ መጽሐፍ ሊገዛበት፥ ለአውቶቡስ የሚከፍለው ያጣው ተማሪ ሊረዳበት ይችል የነበረ ገንዘብ ነው። ዳሩ ግን ይህ ተበዳይ ጮኾ አይከስም፤ በማን እንደ ተበደለ፥ እንደ ተበደለም እንኳ አያውቅምና።

ከዚህ የከፋ ነገርም አለ። ቍጥሩ የተማሪው መስተዋት መሆኑ ቀርቶ የባለ ሥልጣኑ ጌጥ ሲሆን፥ ተማሪውን ረድቶ ቍጥሩን ከማሳመር ይልቅ ቍጥሩን የሚያበላሸውን ተማሪ ማራቅ ይቀላል። በ2016 መጀመሪያ በሜሪላንድ ግዛት የሚገኘው የማውንት ሴንት ሜሪስ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ጋዜጣ የገለጠው ምስጢር ይህ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት አዲስ ለገቡት ተማሪዎች መጠይቅ ተሰጥቶ፥ ይወድቃሉ ተብለው የሚጠረጠሩት ከ20 እስከ 25 የሚሆኑ ተማሪዎች የተማሪው ቍጥር ለመንግሥት ከመተላለፉ በፊት ትምህርቱን እንዲተዉ ይደረግ ዘንድ ዐቅደው ነበር። ከቈጠራ በፊት የሄደ ተማሪ እንዳቋረጠ አይቈጠርም፤ ስለዚህ የዩኒቨርሲቲው ስም ከፍ ይላል። ነገሩ ታላቅ ቍጣ አስነሣ፤ ፕሬዚዳንቱም ስድስት ሳምንት ያህል ቆይተው ሥራቸውን ለቀቁ። ልብ እንበል፤ መጠይቁም ሆነ የስሌቱ ዘዴ ከፐርዱ መብራት ጋር እምብዛም አይለይም። ሁለቱም ማን እንደሚወድቅ አስቀድሞ ለማወቅ የተዘጋጁ ናቸው። አንዱ ያወቀውን ለመያዝ፥ ሌላው ለመልቀቅ ዐሰበ። የመሣሪያው መልካምነት በመሣሪያው ውስጥ የለም ማለት ነው።

እንግዲህ አንድ እርዳታ በእውነት እንደሚረዳ በምን ይታወቃል? ባለሙያዎች ከሁሉ የታመነ የሚሉት መንገድ ዕጣ ነው። እርዳታ የሚፈልጉትን ተማሪዎች ሰብስቦ፥ ማን ትጉህ ማን ሰነፍ እንደ ሆነ ሳይመርጡ ዕጣ ይጥሉባቸዋል። ዕጣ የወጣለት እርዳታውን ያገኛል፤ ያልወጣለት እንደ ቀድሞው ይማራል። ዕጣ ፊት አይቶ አያደላምና ሁለቱ ወገኖች ከእርዳታው በቀር በሌላው ሁሉ ከሞላ ጎደል እኩል ይሆናሉ። ከዓመታት በኋላ በመካከላቸው የታየው ልዩነት እንግዲህ የእርዳታው ነው ለማለት ይቻላል።

በዚህ መንገድ ከተመረመሩት ሁሉ እጅግ የሚደንቀኝ የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ በ2007 የጀመረው «ኤሳፕ» የተባለ ፕሮግራም ነው። በዚያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባሉት የሁለት ዓመት ኮሌጆች የሚማሩት አብዛኞቹ የድኻ ልጆች ናቸው፤ የሁለቱን ዓመት ትምህርት በሦስት ዓመት እንኳ የሚጨርሱት ጥቂቶች ነበሩ። ኤም ዲ አር ሲ የተባለው የምርምር ድርጅት በ2010 በሦስት ኮሌጆች ውስጥ 896 ተማሪዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። በ2015 በወጣው መግለጫ መሠረት በሦስት ዓመት ውስጥ ከተረዱት መካከል 40 በመቶ፥ ካልተረዱት መካከል ግን 22 በመቶ ብቻ ተመረቁ። በትምህርት ምርምር እንዲህ ያለ ልዩነት ብዙ ጊዜ አይገኝም። በኦሃዮ ግዛት በሚገኙ ሦስት ኮሌጆችም በዕጣ ተደግሞ ተመሳሳይ ፍሬ አሳየ።

ታዲያ ይህ ፕሮግራም ምን ነበር? አንባቢ አንድ ረቂቅ መሣሪያ ይጠብቅ ይሆናል። ተማሪው ሙሉ ጊዜውን እንዲማር ግዴታ ነበረበት፤ በሌላው ክፍል አንዱ አማካሪ ከ600 እስከ 1,500 ተማሪ ሲደርሰው በዚህ ከ60 እስከ 80 ብቻ ይደርሰዋል፤ ተማሪውም አማካሪውን በየጊዜው ማየት አለበት፤ ከሌላ ድጎማ የተረፈውን የትምህርት ክፍያ ኮሌጁ ይሸፍንለታል፤ መጽሐፉን በነጻ ያገኛል፤ ለምድር ባቡርና ለአውቶቡስ የሚሆን የመሳፈሪያ ካርድም በየወሩ ይሰጠዋል። ካርዱን ለመውሰድ አማካሪውን ማየት ግድ ይሆንበታል። ነገሩ ይህን ያህል ተራ ነው፤ ግን ርካሽ አይደለም። ለአንድ ተማሪ በሦስት ዓመት ከ16 ሺሕ ዶላር በላይ ተጨማሪ ወጪ ጠይቋል። ሆኖም የተመረቁት ብዙዎች ስለ ሆኑ ለአንድ ምሩቅ የሚደርሰው ወጪ ከቀድሞው ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ነገር ግን ወደ ዕጣው እንመለስ፤ የዚህ ጽሑፍ እውነተኛ ጥያቄ ያለው እዚያ ነውና። ሁለት ድኾች ተማሪዎች ጎን ለጎን ቆመው ሳለ አንዱን ረድቶ ሌላውን እንዳልተረዳ ሆኖ እንዲቀር መመልከት፥ ያውም ለማወቅ ሲባል፥ የተገባ ነውን? ሰውን ለዕውቀት መሣሪያ ማድረግ አይሆንምን? ይህን ተቃውሞ ብዙ ደጋግ መምህራን ያነሡታል፤ እኔም እንደ ቀላል አላየውም።

ለዚህ የሚሰጠው የመጀመሪያው መልስ፥ እርዳታው ይረዳ አይረዳ ገና ሳይታወቅ መከልከል በደል አይባልም የሚለው ነው። መልሱ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። የመሳፈሪያ ካርድ ለድኻ ተማሪ እንደሚጠቅም ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ሁለተኛው መልስ የበለጠ ጕልበት አለው። ገንዘቡ ለሁሉ አይበቃም። ለሁሉ ካልበቃ ደግሞ አንድ ሰው መምረጡ የማይቀር ነው። ዕጣ ካልመረጠ ማን ይመርጣል? ቀድሞ የሰማው፥ ዘመድ ያለው፥ በጽሕፈት ቤቱ ደጅ መጥናት የሚችለው ይመረጣል። የፕሮግራሙ ሹም ቅን ሰው ቢሆን እንኳ ይሳካላቸዋል ብሎ የሚያስባቸውን ይመርጣል፤ በኋላም የተሳካላቸው ስለ ተሳካላቸው ፕሮግራሙ ይመሰገናል። ከዚህ ሁሉ ዕጣ ይሻላል። በአገራችን ወንድማማቾች የአባታቸውን ርስት ሲካፈሉ ዕጣ ይጣጣሉ የነበረው ዕጣ ዐዋቂ ስለ ሆነ አይደለም፤ ወገን ስለሌለው ነው።

ሆኖም ዕቁብን እናስብ። በዕቁብ ዛሬ ዕጣ ያልወጣለት ሰው ደስ እያለው ወደ ቤቱ የሚሄደው፥ ተራው የማይቀር መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ዕጣው ማን ይቅደም ይላል እንጂ ማን ይቅር አይልም። በተማሪዎች ላይ የሚጣል ዕጣም የተገባ የሚሆነው ዕቁብን በመሰለው መጠን ነው። እርዳታው እንደሚጠቅም በታወቀ ጊዜ ላልደረሳቸው እንዲደርስ አስቀድሞ ቃል ያልተገባበት ምርመራ፥ ከድኻ ላይ ዕውቀት መበደር ሆኖ ዕዳውን አለመክፈል ነው። የኒው ዮርኩ ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራሙን አስፍቶ በ2018 እና በ2019 መካከል 25 ሺሕ ወደሚሆኑ ተማሪዎች ለማድረስ ተነሥቷል፤ ይህ የሚያስመሰግነው ነው። በ2010 ዕጣ ያልወጣላት ወጣት ግን በ2018 ኮሌጅ ውስጥ አልነበረችም። የእርሷ ዕቁብ ለሌሎች ወጣ። ምርመራው ባይደረግም እርዳታውን ለማግኘቷ ዋስትና አልነበራትም፤ ይህን አውቃለሁ። ቢሆንም ያ ቍጥር፥ 22 የሚለው፥ እርሷን በመሰሉ ሰዎች ሕይወት የተጻፈ ስለ ሆነ፥ አንብቦ ወደ መደርደሪያ የሚመልሰው ባለ ሥልጣን ከባድ ኃላፊነት አለበት። ዕውቀቱ ከተገኘ በኋላ አለመሥራት ከምርመራው በፊት ካለው ድንቍርና የባሰ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን በሳተላይት የሚተላለፍ የፕላዝማ ትምህርት መሰጠት ጀመረ። መምህሩ ከፊትና ከኋላ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ተትቶለት ማያው በእንግሊዝኛ ያስተምር ነበር፤ ያልገባው ተማሪ «ቆይ» ቢል የሚሰማው አልነበረም። በዚያ ክፍል ተቀምጠው የነበሩት ዛሬ መምህራንና ሹማምንት ሆነዋል፤ አንዳንዱ ጠቅሞኛል ይላል፥ አንዳንዱ አደንቍሮኛል ይላል። ክርክሩ በየሰው ትዝታ ላይ የተመሠረተበት አንዱ ምክንያት፥ መሣሪያው በአጭር ጊዜ ውስጥ በመላው አገር ስለ ተዘረጋ ለማነጻጸሪያ የሚሆን መልካም ቦታ በመታጣቱ ነው። ለአንድ ዓመት ብቻ ግማሹ ቀድሞ ግማሹ ቢከተል ኖሮ፥ ዛሬ ከትዝታ ሌላ የምንይዘው ነገር በኖረን ነበር።

ዛሬ ያለንበት ሁኔታ ደግሞ ዕጣ እንኳ ሳይጣል ለማወቅ ዕድል የሚሰጥ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው በመገኘታቸው፥ በ2015 ዓ.ም. ነጥባቸው ላልሞላ ብዙ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች የሪሜዲያል ትምህርት ተጀመረ። በዚያው ዓመት ለምሩቃን የመውጫ ፈተና መስጠትም ተጀምሯል። በየጊዜው ከሪሜዲያል ተማሪዎች ይህን ያህሉ አለፉ የሚል ቍጥር እንሰማለን። ይህ ቍጥር ብቻውን ሲቀርብልን የፐርዱን መብራት ማስታወስ አለብን። ያለፉት ሪሜዲያል ባይገቡስ ኖሮ ምን ይሆኑ ነበር? ይህን የሚመልስ ነገር በእጃችን አለ። የመቍረጫውን ነጥብ በአንድ ነጥብ አልፎ የገባና በአንድ ነጥብ ጐድሎ የቀረ ተማሪ በዕውቀት አይለያዩም፤ የለያያቸው አንዲት ጥያቄ፥ ምናልባትም በፈተናው ዕለት የያዛቸው ጕንፋን ነው። መስመሩ ራሱ ሳይታወቅ ዕጣ ጥሎባቸዋል። የሁለቱን ወገን ስም ይዞ ከሦስት ዓመት በኋላ የት እንደ ደረሱ መፈለግ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው። መሰላቸት የሌለበት ጸሓፊና መዝገብ ይበቃል።

የሚያስቸግረው የቀረውን መፈለጉ ነው። የገባው በዩኒቨርሲቲው ጊቢ አለ፤ ስልኩም ይታወቃል። የቀረው ወይም አቋርጦ የሄደው ግን ፋይሉ «ለቋል» የሚል ማኅተም ተመትቶበት በሬጅስትራሩ ጽሕፈት ቤት ከታችኛው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። አዲስ መሣሪያ ለመግዛት ወይም አዲስ ፕሮግራም ለማቋቋም የሚመክር ኮሚቴ ከመሰብሰቡ በፊት፥ ከዚያ መደርደሪያ ላይ ሠላሳ ፋይል ያህል ሳይመርጥ አንሥቶ ወደየቤታቸው ቢደውል መልካም ነበር። ብዙ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ መቼ ሄድክ፥ ከመሄድህ በፊት ማን አነጋገረህ፥ ስንት ብር ቢኖርህ ኖሮ ትቆይ ነበር?